ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ለምንገባው ሰዎች ዕቃችንን ለማን እንስጥ?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ወደ ሸዋ ሮቢት ተዛውሯል። እኛም ልጆቹ ትምህርት ሳይጀምሩ በነሐሴ ከደብረ ብርሃን ዕቃችንን ይዘን ልንወርድ ነው። ሦስት ቦታ ጠይቄ ነበር። በቴሌግራም ያገኘሁት አንድ የዕቃ ማጓጓዣ «9,000 ብር፤ ግማሹን ቀብድ አሁኑኑ ላኪ» አለኝ። አንድ ደላላ ደግሞ «13,000፤ አይሱዙው በፈለግሽው ቀን በርሽ ላይ ይቆማል» አለ። ሌላው ድርጅት «ዕቃውን ሳናይ ዋጋ አንናገርም» ብሎ ሰው ላከ፤ ሰውዬው ቤቱን ዞሮ ዕቃውን ቆጥሮ 17,500 ብር ቆረጠ። ውድ ነው፤ ልቤ ግን ወደ እሱ ያደላል። የቱን ልመን?

መልስ፦ እህቴ፣ ልብዎ ያደላበትን እኔም እደግፋለሁ። ውድ ስለሆነ ግን አይደለም፤ ብዙ አስከፍሎም ዕቃ የሚሰብር አለ። የምደግፈው ቤትዎ ገብቶ ስላየ ነው። እኔ በዚህ ሥራ መጀመሪያ በጫኝነት፣ በኋላም የጭነት አስተባባሪ ሆኜ ከ15 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ በባለቤትና በአጓጓዥ መካከል ያየሁት ጠብ አብዛኛው ከአንድ ነገር የሚነሳ ነው፦ ዕቃው ሳይታይ በስልክ ከተቆረጠ ዋጋ።

በስልክ «ሁለት ክፍል ቤት ነው» ይላሉ። ሰሚው አንድ አልጋ፣ አንድ ሶፋ፣ አንድ ቴሌቪዥን ያስባል። እርስዎ ዘንድ ግን ከአልጋው ሥር ሁለት ሻንጣ፣ ከበሩ ኋላ የእህል ከረጢት፣ ጓዳ ውስጥ በርሜል፣ ግቢ ውስጥ የውሃ ታንከርና የልጅ ብስክሌት አለ። መኪናው በሩ ላይ ቆሞ ይሄ ሁሉ ሲወጣ ሹፌሩ «ይሄማ አልተነገረኝም» ይላል። አንዳንዱ እውነቱን ነው። አንዳንዱ ደግሞ ይህን ሰዓት ብሎ ነው የመጣው፤ ዝቅ ያለውን ዋጋ የነገረዎት እዚህ እንደሚያስተካክለው ስለሚያውቅ ነው። ቤቱ ባዶ ሆኗል፣ የቤቱ ባለቤት ቁልፍ እየጠበቀ ነው፣ ልጆቹ ደክመዋል። ዕቃው መኪና ላይ ከወጣ በኋላ ክርክሩን የሚያሸንፈው መሪውን የያዘው ነው። ስለዚህ ማጣራት ያለብዎትን ሁሉ ገና አንድ ሲኒ ሳይነካ ያጣሩ።

ይህን በሌላ ሰው ላይ ብቻ አይቼ አይደለም የምናገረው። ከብዙ ዓመት በፊት እናቴን ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስናዛውር መኪናውን በሰው በሰው አገኘነው። ዝርዝር የለ፣ ወረቀት የለ፤ «እንተዋወቃለን» ተባብለን ጫንን። ከደብረ ሲና በላይ ካለው ተራራ፣ ጣርማ በር ስንደርስ ሹፌሩ ከመንገዱ ዋሻ በፊት ዳር ይዞ ቆመ። ጉም ወርዶ አሥር እርምጃ ወዲያ አይታይም። ጭነቱ ከተባለው በላይ ስለሆነ ካልተጨመረለት ቁልቁለቱን እንደማይወርድ ተናገረ። እናቴ ጋቢና ውስጥ ነበረች። ምንም አልተናገረችም፤ መቀነቷን ፈታች፣ ቋጠሮውን በጥርሷ አላቃ ለእድር ያስቀመጠችውን ብር ቆጥራ ሰጠችው። እኔ በሥራው ውስጥ እያለሁ ይህ በእናቴ ላይ እንዲደርስ መፍቀዴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያን ዕለት በእጃችን የዕቃ ዝርዝርና ፊርማ ቢኖር «ከተባለው በላይ» የሚለው ቃል መግቢያ አያገኝም ነበር።

አሁን ወደ ሦስቱ ልምጣ።

የቴሌግራሙን በቀጥታ ሌባ ነው አልልም። ግን ዕቃዎን ሳያይ፣ ሰፈርዎን ሳይጠይቅ መጀመሪያ የጠየቀው ገንዘብ ነው። ቀብድ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ መኪና የሚይዝልዎት ሰው ትንሽ መያዣ ይፈልጋል። ግማሽ ዋጋ ግን መያዣ አይደለም። ሊሞክሩት ከፈለጉ የንግድ ፈቃዱን ፎቶና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ይጠይቁ። በቁጥሩ የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኦንላይን አገልግሎት ላይ ገብተው ፈቃዱ በእርግጥ መኖሩን፣ የዘንድሮ እድሳት ያለው መሆኑንና የተፈቀደለት የሥራ ዘርፍ ምን እንደሆነ ማየት ይችላሉ። ለልብስ ንግድ የወጣ ፈቃድ ፎቶ ልኮ «ይኸው ሕጋዊ ነን» ያለ ሰው ገጥሞኛል። ከዚያ ደግሞ ብር ላኪ የተባሉበትን የባንክ ሂሳብ ወይም የቴሌብር ስም ከፈቃዱ ስም ጋር ያስተያዩ። ድርጅቱ በአንድ ስም፣ ሂሳቡ በማያውቁት ግለሰብ ስም ከሆነ አይላኩ። ይህን ስጠይቅ ቢቆጣ ብለው አይፍሩ፤ ቁጣው ራሱ መልስ ነው።

ዋጋው ግን ረክሷል ተብሎ ብቻ አይጣልም። የእኛን መንገድ የሚያውቅ ይህንንም ያውቃል፤ ከሸዋ ሮቢትና ከቀወት ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኖ ወደ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ የሚወጣ መኪና ብዙ ነው፤ ሲመለስ ባዶውን ከሚወርድ በግማሽ ዋጋም ቢሆን መጫን ይመርጣል። ተመላሽ መኪና የምንለው ይህ ነው። በእውነተኛ ተመላሽ መኪና ብዙ ቤተሰብ በደህና ወርዷል፤ እኔም አስወርጃለሁ። ስለዚህ «ለምን ረከሰ?» ብለው ይጠይቁት። «ሽንኩርት አራግፌ ባዶዬን ነው የምመለሰው» ካለ ምክንያቱ ሙሉ ነው። እንዲህ ከሆነ ሁለት ነገር ይቀራል። ካሶኒውን፣ ማለትም ዕቃ የሚጫንበትን የመኪናውን ክፍል፣ አስቀድመው በዓይንዎ ይዩ፤ የበሰበሰ ሽንኩርት ውሃ የጠጣ ወለል ፍራሽዎ ላይ የሚተወው ሽታ በጸሐይም በሳሙናም አይለቅም፤ ሲሚንቶ የጫነ ከሆነም አቧራው በሶፋው ክር ውስጥ ይቀራል። ታጥቦ ደርቆ ይምጣ። ሁለተኛ፣ የእርስዎ ዕቃ ብቻ እንደሚጫን ያስጽፉ። በመንገድ ላይ የሌላ ሰው ብረት ወይም ከረጢት ተደርቦ ከተጫነ ቡፌዎ ሲሰበር ማን ሰበረው ተብሎ አይታወቅም።

ደላላውን ብዙ ሰው ይጠላዋል፤ እኔ አልጠላውም። ጥሩ ደላላ የትኛው ሹፌር ይጠጣል፣ የትኛው ቃሉን ይጠብቃል የሚለውን ከማንም በላይ ያውቃል። ችግሩ ሥራው ኮሚሽኑን የተቀበለ ዕለት ማለቁ ነው። ደብረ ሲና ላይ ጎማ ቢፈነዳ፣ ሸራ ቢቀደድ እሱን የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ በደላላ ቢሄዱም የሚዋዋሉት ከደላላው ሳይሆን ከመኪናው ባለቤት ወይም ባለቤቱ ከወከለው ሹፌር ጋር ይሁን። ሊብሬውንና መንጃ ፈቃዱን ይዩ፣ ፎቶ ያንሱ። በነባሩ ታርጋ ከሆነ ኮድ 3 መሆኑን፣ ማለትም ለንግድ የተመዘገበ መሆኑን ይመልከቱ። የመኪናው መስታወት ላይ የዓመቱ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ተለጣፊ መኖሩን ያረጋግጡ። ቦሎ የሌለው መኪና የዓመቱን ምርመራ ማለፉን የሚያሳይ ነገር የለውም፤ ለእርስዎ መንገድ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እመለስበታለሁ።

መድን ስል አንድ ትልቅ ስሕተት ላርም። «መኪናው ኢንሹራንስ አለው» ሲባሉ ብዙዎች ዕቃቸው የተጠበቀ ይመስላቸዋል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ባለተሽከርካሪ እንዲገባ የሚገደደው የሦስተኛ ወገን መድን በመኪናው ምክንያት ሰው ሲሞት፣ ሲጎዳ ወይም የሌላ ሰው ንብረት ሲበላሽ የሚከፍል ነው። መኪናው ላይ ለተጫነው ፍሪጅዎ አይከፍልም። የተጫነ ዕቃን የሚሸፍን መድን ለብቻው የሚገዛ ነው። ድርጅቱ «ለዕቃው መድን አለን» ካለዎት የመድን ፖሊሲውን ያሳይዎት፤ ካላሳየ የለም ብለው ይያዙ።

ሦስተኛውን፣ 17,500 ያለዎትን፣ እንዲሁ ዓይንዎን ጨፍነው አይቀበሉት። የላከው ሰው እንዴት እንዳየ ያስታውሱ። ሳሎን ላይ ቆሞ ዓይኑን አዙሮ ብቻ ወጣ? ወይስ ጓዳ ገባ፣ ቁም ሳጥኑ ይፈታል አይፈታም ብሎ ከኋላው አየ? ከበርዎ እስከ መንገድ ያለውን ርቀት ለካ? ከሁሉ በላይ ግን ስለ ሸዋ ሮቢቱ ቤት ጠየቀ? ሥራውን የሚያውቅ ሰው ስለሚነሳበት ቤት ካለው ይልቅ ስለሚገባበት ቤት ይጠይቃል። የሚነሳበትን ያየዋል፤ የሚያታልለው ያላየው ነው። ሰፈሩ አይሱዙ ያስገባል? ፎቅ ነው? የኤሌክትሪክ ገመድ ዝቅ ብሎ ተዘርግቷል? ክረምት ላይ መግቢያው ጭቃ ነው? እነዚህን ካልጠየቀ ደውለው እርስዎ ይንገሩትና «ዋጋው ይለወጣል?» ይበሉት።

የሰው ታማኝነት የሚታየው በትንሽ ነገር ነው። አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ጫኝ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲያነሳ መጀመሪያ ክዳኑን ያነሳል፤ ከዚያ ጣቱን አጥፎ ሸክላውን መሐሉንና ዳር ዳሩን ኳ ኳ ያደርገዋል፤ ጆሮውን ጠጋ ያደርጋል። ደህናው ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የተሰነጠቀው ግን ደፈን ያለ፣ የታፈነ ድምፅ ያወጣል። ታፍኖ ከተሰማው ባለቤቲቱን ይጠራል፦ «እትዬ፣ ይቺ ቀድማም ተሰንጥቃለች፤ ትጻፍልኝ።» ያስጽፋል። ድምፁ ጥርት ካለ ደግሞ «ይቺ ደህና ናት፤ እንዲሁ ደህና አስረክባለሁ» ይላል። ሰው ዕቃዎን ከመንካቱ በፊት ያለበትን ጉዳት ካስጻፈ፣ ያልነበረ ጉዳት ሲመጣ ኃላፊነቱን እንደሚወስድ አስቀድሞ እየነገረዎት ነው። የላኩልዎት ሠራተኞች ይህን ባያደርጉ እርስዎ ያድርጉት፤ ቴሌቪዥኑን አብርተው፣ ፍሪጁን ዞረው፣ የቡፌውን መስታወት አንድ በአንድ በስልክ ፎቶ አንስተው ይያዙ።

ድርጅቱን ሁለት ነገር ይጠይቁት። መኪናው የራሳችሁ ነው ወይስ በዕለቱ ትከራያላችሁ? ጫኞቹ ቋሚ ናቸው ወይስ ከመንገድ የምትይዟቸው? አንዳንዱ ድርጅት ቢሮና ማኅተም ኖሮት በመጫኛው ቀን ያንኑ የደላላውን አይሱዙ በ13,000 ተከራይቶ ልዩነቱን ይወስዳል። ይህም ወንጀል አይደለም፤ ግን ከሆነ ኃላፊነቱን ድርጅቱ ራሱ እንደሚወስድ በውሉ ይጻፍ፤ የሹፌሩ ስምና የመኪናው ታርጋ ከቀኑ በፊት ይድረስዎት።

ውሉ ረጅም መሆን የለበትም፤ አንድ ገጽ ይበቃል። የሁለቱ ወገን ስም፣ የመታወቂያና የታርጋ ቁጥር፣ የሚጫንበትና የሚደርስበት ቀንና ሰዓት፣ ከየትኛው በር እስከ የትኛው ክፍል እንደሚደርስ፣ ማሸግና መፍታት፣ መጫንና ማውረድ በዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑ፣ ጠቅላላ ዋጋውና «ከዚህ ውጭ ጭማሪ አይጠየቅም» የሚለው ዐረፍተ ነገር። ከጀርባው የዕቃ ዝርዝሩ። ውድ የሆኑትን ዕቃዎች ከነግምታቸው ይጻፉ፤ ቢጠፋ «ስንት ነበር?» የሚለው ክርክር በዚያ ይዘጋል። በየብስ ስለሚደረግ የዕቃ ማጓጓዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 547/1999 አጓጓዥ ዕቃ ከተረከበበት ጊዜ አንስቶ እስኪያስረክብ ለሚደርሰው ጥፋትና ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። ከዚህ የሚያመልጥባቸው መንገዶች አሉት፤ አንዱ ዕቃው በባለቤቱ በራሱ በአግባቡ አለመታሸጉ ነው። ሰሃንና ብርጭቆውን እርስዎ አሽገው ከሰጡ፣ ተሰብሮ ሲገኝ ሸክሙ ወደ እርስዎ ያዘነብላል። ገንዘብ ካለዎት የሚሰበረውን እነሱ ያሽጉት።

ስለ መንገዱ እንነጋገር፤ የእርስዎን ጉዳይ ከሌላው የሚለየው ይህ ነው። ርቀቱ ወደ 95 ኪሎ ሜትር ነው፤ በቁጥር ሲያዩት አጭር። ነገር ግን ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስተው 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለ ቆላ ነው የሚወርዱት። ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማ በር ያለው ሜዳና ዳገት ነው፤ እንዲያውም ከፍ ይላል። የቁልቁለቱ ጉድ ከዋሻው ወዲያ ይጀምራል። የተጫነ መኪና በዚያ ጥምዝምዝ ፍሬን ላይ ተኝቶ ከወረደ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ይሰንፋል። ሹፌሩን «ጣርማ በርን እንዴት ነው የሚወርዱት?» ብለው ይጠይቁት። የለመደው «ከዋሻው እንደወጣሁ ማርሽ ቀንሼ ሞተሩ እንዲይዘው አድርጌ ነው፤ ፍሬን በየመሐሉ ብቻ» ይልዎታል። «ኧረ እሱ ምን አለው፣ በአርባ ደቂቃ እንጨርሰዋለን» የሚል ከሆነ ልጆችዎን ጋቢናው ውስጥ አያስገቡ። ቦሎውን ይዩ ያልኩት ለዚህ ነው።

በነሐሴ ደግሞ ዝናቡና ጉሙ አለ። ሸራው ሁለት ይሁን፤ አንዱ ከታች ተነጥፎ በስፖንዳው፣ በካሶኒው የጎን ግድግዳ፣ ላይ የሚታጠፍ፣ ሁለተኛው ከላይ የሚከደን። ሸራውን ከመጫኛው ቀን በፊት ዘርግተው ወደ ሰማይ ይዩት፤ ብርሃን የሚያስገባበት ቀዳዳ ውሃም ያስገባል። ማልደው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ይጫን፤ በቀን ብርሃን ወርደው በቀን ብርሃን ያራግፉ። ማታ የሚጓዝ ሹፌር አይቀበሉ። ከመነሳትዎ በፊት በነበረው ቀን ማታ መንገዱ ክፍት መሆኑን በዚያው መስመር ከሚሠሩ ሹፌሮች ያጣሩ፤ በየኬላው ፍተሻ ስለሚያጋጥምም ቀበሌዎ መሸኛ ሲሰጥዎ የቤት ዕቃ ዝርዝሩ ላይ ማኅተም እንዲያደርግልዎ ይጠይቁ። ዝርዝሩ በእጅ ካለ ፍተሻው ያጥራል፣ ሳጥን ሁሉ አይበረበርም።

ስለ አስተሻሸጉ ጥቂት ብቻ። ፍሪጁን ከአንድ ቀን በፊት ነቅለው በረዶውን ያቅልጡ፤ ቆሞ ይጓዝ፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስም ጥቂት ሰዓት ሳይሰካ ይቆይ፤ ተኝቶ ተጉዞ ከሆነ አንድ ቀን ይጠብቁት። የቺፕውድ ቁም ሳጥን አንዴ ከተፈታ ብሎኑ እንደ ድሮው አይነክስም፤ በበር የሚወጣ ከሆነ ሳይፈታ ይጫን። ምጣዱ ፍራሽ ላይ ተዘርግቶ ምንም ሳይደራረብበት ይሂድ። መጠቅለያ ካርቶን አይግዙ፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብሶችዎ አሉ፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ለመኝታ አያስፈልጉዎትም፣ መስታወቱንና ቴሌቪዥኑን በእነሱ ይጠቅልሉ። ወርቁ፣ የልጆቹ የትምህርትና የልደት ማስረጃ፣ የባንክ ደብተር መኪናው ላይ አይወጣም፤ ከእርስዎ ጋር ነው የሚሄደው።

ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ሊመጡ ይችላሉ። የራሴን ዕቃ በራሴ ሰው አወርዳለሁ ማለት መብትዎ ነው፤ ጠብ ውስጥ እንዳይገቡ ግን ባለቤትዎ አስቀድሞ እዚያው ስላለ ቀበሌውን አነጋግሮ ይጠብቅ። የማውረጃውን ነገር ከድርጅቱ ጋር በውሉ ካልጨረሱ በዕለቱ ሁለቴ ይከፍላሉ።

ክፍያውን ሦስት ቦታ ይክፈሉት፤ ውሉ ሲፈረም ትንሽ ቀብድ፣ ጭነቱ አልቆ ሸራው ሲታሰር ግማሹ፣ ቀሪው ሸዋ ሮቢት ላይ በዝርዝሩ እየተቆጠረ ከተራገፈ በኋላ። ደረሰኝ ይቀበሉ። የጎደለ ወይም የተሰበረ ካለ ሹፌሩ ባለበት ዝርዝሩ ላይ ይጻፍና ይፈርምበት፤ በማግስቱ በስልክ የሚነገር ቅሬታ ክብደቱ ትንሽ ነው።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ለ17,500ው ድርጅት ይደውሉና ስለ መኪናው ባለቤትነትና «ጭማሪ አይጠየቅም» ብለው ይጽፉ እንደሆነ ይጠይቁት። እሺ ካለ ከእሱ ጋር ይፈራረሙ። እምቢ ካለ ግን 17,500 ብር ከፍለው ያለ ውል ከመሄድ፣ የደላላውን አይሱዙ ባለቤት ቤትዎ ድረስ ጠርተው፣ ዕቃውን አሳይተው፣ አንድ ገጽ ውል ጽፈው በ13,000 ቢወርዱ ይሻልዎታል። መልካም ጉዞ፣ የሚገቡበትን ቤት የጤና ያድርግልዎ።